ስለ አንዲት የባሌት ተማሪ ውሎ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በዚህ በዓል ከመጨረሻው ክፍል አንድ ተማሪ ተነሥቶ ንግግር ማድረጉ የተለመደ ነው። ዘንድሮ ዕጣው ለእኔ ደረሰ። ስለ ትምህርት ጥቅም ወይም ስለ ወጣቶች ኀላፊነት ትናገራለች ብላችሁ የጠበቃችሁ ትኖራላችሁ። እኔ የመረጥሁት ርእስ ግን አንዳንዶቻችሁን ሳያስቅ አይቀርም፤ ይኸውም የባሌት ዳንስ የምትማር አንዲት ልጅ ለትርዒት በምትዘጋጅበት ጊዜ ቀኗን እንዴት እንደምታሳልፍ ነው።

ወደዚህ ርእስ ምን እንዳደረሰኝ አስቀድሜ መናገር አለብኝ፤ ነገሩም ጥቂት ያሳፍራል። ለዛሬው በዓል የሚዘምሩት ተማሪዎች ሲመረጡ፥ እኔ በኋለኛው ረድፍ፥ ያውም ከጥግ እንድቆም ተነገረኝ። ከትንሽነቴ ጀምሮ በሚስዮን ትምህርት ቤት ስዘምር ያደግሁ ነኝና፥ ትናንት የጀመሩ ልጆች ከፊት ቆመው እኔ ከኋላ መቅረቴ አንገበገበኝ። ለማንም ሳልናገር ሦስት ቀን ከልምምድ ቀረሁ። ሁለቱን ቀን በቤተ መጻሕፍት ተደብቄ ዋልሁ፤ በሦስተኛው ቀን ግን በጊዜ ወደ ቤት ገባሁና እናቴ ምክንያቱን ጠየቀችኝ። ነገርኋት። እርስዋም ሽንኵርት መክተፏን ሳታቋርጥ፥ «ለመሆኑ ሰው የሚመጣው ድምፃችሁን ሊሰማ ነው ወይስ መልካችሁን ሊያይ?» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ።

በቤተ መጻሕፍት በተደበቅሁባቸው በነዚያ ሁለት ቀኖች ስለ ባሌት ትምህርት የሚናገር አንድ መጽሐፍ እጄ ገብቶ ነበር። ከዚያም ወዲህ በዚሁ ጕዳይ የተነሡ ፊልሞች እየፈለግሁ አየሁ። ያገኘሁትን ከእናቴ ጥያቄ ጋር አያይዤ ላካፍላችሁ እወዳለሁ።

ባሌት በንግግር ፈንታ በሰውነት እንቅስቃሴና በሙዚቃ ታሪክን የሚያስረዳ የመድረክ ጥበብ ነው። የእስክስታችን ኀይል ያለው በትከሻና በአንገት ነው፤ የባሌት መሠረት ግን እግር ነው። ሁለቱም እግሮች ከዳሌ ጀምሮ ወደ ውጭ ይዞራሉ፤ ጀርባ ቀጥ ይላል፤ እጆችም ክብደት የሌላቸው መስለው ይንሳፈፋሉ። የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ በ1661 ዓ.ም. የዳንስ አካዳሚ ስላቋቋመ፥ የትምህርቱ ቃላት እስከ ዛሬ ድረስ ፈረንሳይኛ ናቸው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) ስለዚህ በጃፓንም ሆነ በብራዚል አንዲት መምህርት «ፕሊዬ» ብትል፥ ተማሪዎቿ ሁሉ ጕልበታቸውን ማጠፍ እንዳለባቸው ያውቃሉ።

በዓለም ከታወቁት የባሌት ትምህርት ቤቶች አንዱ በሩሲያ አገር በሴንት ፒተርስበርግ ከተማ የሚገኘው የቫጋኖቫ አካዳሚ ነው። የተመሠረተው በ1738 ዓ.ም. በእቴጌ አና ዘመን ሲሆን፥ የመጀመሪያው መምህር ዣን ባቲስት ላንዴ የተባለ ፈረንሳዊ ነበር። እርሱ የተቀበላቸው የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች 12 ሴቶችና 12 ወንዶች ነበሩ፤ እነርሱም የመኳንንት ልጆች ሳይሆኑ የቤተ መንግሥቱ ሠራተኞች ልጆች ነበሩ። ትምህርት ቤቱ ከ1836 ዓ.ም. ጀምሮ የሚገኘው አርክቴክቱ ካርሎ ሮሲ ባሠራው መንገድ ላይ ነው። የዚህ መንገድ ወርድ 22 ሜትር፥ በግራና በቀኙ ያሉት ሕንፃዎች ከፍታም 22 ሜትር፥ ርዝመቱ ደግሞ 220 ሜትር ነው። ገና ወደ በሩ ሳይደርስ ተማሪው የልክን ነገር በእግሩ እየረገጠ ይማራል ማለት ነው።

ልጆች ወደዚህ ትምህርት ቤት የሚገቡት 10 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ነው። በመግቢያው ፈተና መምህራን የእግራቸውን መዞር፥ የዝላያቸውን ከፍታና ለሙዚቃ ያላቸውን ጆሮ ይመረምራሉ፤ ሐኪሞችም ያዩዋቸዋል። ከብዙዎቹ አመልካቾች የሚገቡት ጥቂቶች ናቸው። የገቡትም ስምንት ዓመት ያህል ይማራሉ።

እንግዲህ ከነዚህ ተማሪዎች አንዲቱን እንከተል። ስም አልሰጣትም፤ ከብዙዎቹ አንዲቱ ናት። ዕድሜዋ 15 ነው። ወሩ ዲሴምበር ነው። በዚህ ወር በሴንት ፒተርስበርግ ፀሐይ የምትወጣው ከጧቱ 4 ሰዓት ገደማ ሲሆን፥ ገና 10 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ስለዚህ ልጅቷ ወደ ትምህርት ስትሄድም ስትመለስም ጨለማ ነው፤ በረዶም በመንገዱ ላይ ተከምሯል። ጠጕሯን ወደ ኋላ ጠቅልላ አንዲት ዘለላ እንኳ እንዳትወድቅ አጥብቃ ታስይዛለች። ጠጕሩ እንዲህ የሚያዘው ለጌጥ ሲባል ብቻ አይደለም፤ መምህርቲቱ አንገቷንና ትከሻዋን በግልጽ ማየት አለባትና ነው።

የመጀመሪያው ትምህርት የሚሰጠው በሰፊ አዳራሽ ነው። ወለሉ ወደ አንድ ወገን ዘቅዘቅ ያለ ነው፤ ምክንያቱም የማሪይንስኪ ቴአትር መድረክ እንዲሁ ወደ ተመልካቾች ያዘቀዘቀ ስለ ሆነ፥ እግር ከልጅነቱ እንዲለምደው ነው። እንዳያንሸራትትም ውኃ ይረጩበታል። በአንድ ጥግ ፒያኖ አለ፤ ሙዚቃው በሰው እጅ ነው የሚመታው። በግድግዳው ዙሪያ አግዳሚ እንጨት ተተክሏል። ልጅቷ ይህን እንጨት በአንድ እጇ ያዝ አድርጋ በመጀመሪያ ፕሊዬን ትሠራለች፤ ማለትም ጀርባዋን ሳታጐብጥ ጕልበቷን በዝግታ አጥፋ በዝግታ ትዘረጋለች። ቀጥሎም እግሯን በወለሉ ላይ እየጐተተች ጣቶቿን ታሾላለች፤ አሁንም መልሳ ትሰበስባለች። ወደ ፊት፥ ወደ ጎን፥ ወደ ኋላ። ከዚያ ትዞርና በሌላው እግሯ ያንኑ ትደግማለች። መምህርቲቱ በመካከላቸው እየተዘዋወረች የአንዷን ወገብ፥ የሌላዋን አገጭ በእጇ ታቃናለች።

የእንጨቱ ሥራ ሲያበቃ ተማሪዎቹ ወደ መካከል ወጥተው ያንኑ ሁሉ ያለ ድጋፍ ይሠራሉ፤ በመጀመሪያ በዝግታ፥ በኋላም በትንንሽና በትልልቅ ዝላይ። ከአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ በኋላ ለመምህርቲቱና ለፒያኖ መቺው እጅ ነሥተው ይወጣሉ።

ጓደኞቼ ሆይ፥ እኔን ያስገረመኝ ዝላዩ አይደለም። ያስገረመኝ ይህ ነው፤ ነገም የሚጀመረው በፕሊዬ ነው፤ ከነገ ወዲያም እንዲሁ። ስምንቱን ዓመት ሁሉ እንዲሁ ነው። ከዚህም የሚደንቀው፥ ተመርቃ ስሟ በዓለም የታወቀ ዳንሰኛ እንኳ ማታ በጭብጨባ ስትሸኝ አምሽታ፥ በማግሥቱ ጧት ያንኑ እንጨት ይዛ የ10 ዓመት ልጅ የምትሠራውን ያንኑ ፕሊዬ ትሠራለች። በባሌት ዓለም «ይህን ትምህርት ጨርሻለሁ» ብሎ ነገር የለም።

ይህ ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት የአቋቋም ተማሪ መቋሚያውን ይዞ ዝማሜውን፥ ጸናጽሉንና ከበሮውን ከመምህሩ ፊት እየደጋገመ ዓመታት እንደሚያሳልፍ ወላጆቻችን ያውቃሉ። በበዓል ቀን እነዚያ ሁሉ መቋሚያዎች በአንድነት ሲነሡና ሲወርዱ አይተን ደስ ይለናል፤ ከዚያ በስተጀርባ ያለውን ድካም ግን የሚያስበው ጥቂት ሰው ነው።

አሁን ወደ ልጅቷ እንመለስ። ከዳንሱ ትምህርት በኋላ ወደ መደበኛው ክፍል ትገባለች። የባሌት ተማሪ ከሒሳብ ነፃ የምትወጣ የመሰላችሁ ጓደኞቼ ካላችሁ አዝናለሁ፤ ሒሳብም፥ ታሪክም፥ ሥነ ጽሑፍም አለባት። ከዚህም በላይ የፈረንሳይ ቋንቋ፥ ፒያኖና የባሌት ታሪክ ትማራለች። በጭኗ ድካም እየተሰማት እርሳስ ይዛ ትቀመጣለች።

ከሰዓት በኋላ የትርዒቱ ልምምድ ይጀመራል። ትርዒቱ ቻይኮቭስኪ ሙዚቃውን የደረሰው «ለውዝ ሰባሪው» የተባለው ባሌት ነው። በገና ዋዜማ አንዲት ልጅ ለውዝ የሚሰብር የእንጨት አሻንጕሊት ትሰጣለች፤ ሌሊት አሻንጕሊቱ ከአይጦች ንጉሥ ጋር ይዋጋል፤ እርስዋም ጫማዋን ወርውራ ታድነዋለች፤ እርሱም ልዑል ይሆናል። ይህ ባሌት ለመጀመሪያ ጊዜ በማሪይንስኪ ቴአትር በዲሴምበር 18 ቀን 1892 ዓ.ም. ሲታይ የዚሁ ትምህርት ቤት ልጆች ተካፋዮች ነበሩ። በ1934 ዓ.ም. ቫሲሊ ቫይኖኔን የተባለው የዳንስ ደራሲ በአዲስ መልክ አዘጋጀው፤ የአካዳሚው ተማሪዎችም በዚያው ቴአትር ይህን ይጫወቱታል።

የእኛ ተማሪ ድርሻ ምን መሰላችሁ? ንግሥት አይደለችም፤ ልዕልትም አይደለችም። ልጅቷና ልዑሉ በጫካ ሲያልፉ ከሚዘንቡት የበረዶ ብናኞች አንዷ ናት። የምትቆመውም በኋለኛው ረድፍ ነው።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ መጽሐፉን አጥፌ ጥቂት ተቀመጥሁ።

እንዲህ በኅብረት የሚጫወቱት ዳንሰኞች «ኮር ደ ባሌ» ይባላሉ። የእነርሱ ሥራ ከሁሉ የሚቀል ይመስላል፤ ነገር ግን እጅግ ከባድ ነው። ለብቻዋ የምትጫወት ዳንሰኛ እጇን ጥቂት ከፍ ብታደርግ ማንም አያውቅባትም። በረድፍ ያለችው ግን ከጎረቤቷ በአንድ ጣት ብትበልጥ፥ የሺህ ሰው ዐይን ወደ እርስዋ ይሄዳል፤ የሁሉም ድካም ይበላሻል። ስለዚህ ራሷን ሳታዞር በዐይኗ ጠርዝ የጎረቤቷን ትከሻ ትጠብቃለች፤ ሙዚቃውን በልቧ ትቈጥራለች፤ ትንፋሿን እንኳ ከሌሎቹ ጋር ትስባለች። አንዲቱ ስትሳሳት ሙዚቃው ይቆማል፤ ሁሉም ወደ መጀመሪያው ቦታ ተመልሰው እንደ ገና ይጀምራሉ። ያጠፋችው እርስዋ ባትሆንም ትመለሳለች።

ማታ ወደ መኝታዋ ስትመለስ ሥራዋ አላበቃም። በጣት ጫፍ ለመቆም የሚያገለግሉትን ጫማዎች ማሰናዳት አለባት። ብዙ ሰው የጫማው ጫፍ እንጨት ይመስለዋል፤ ዳሩ ግን ጨርቅና ወረቀት በሙጫ እየተደራረበ የጠነከረ ነው። ሪባኑን የምትሰፋው ራሷ ናት፤ ምክንያቱም የእያንዳንዷ ቍርጭምጭሚት ልክ የተለየ ነው። ይህ ጫማ ቶሎ ያልቃል፤ ታላላቆቹ ዳንሰኞች በአንድ ምሽት አንድ ጥንድ ሊጨርሱ ይችላሉ። የጣቶቿ ቆዳ ውኃ ቋጥሮ ይፈነዳል፤ አጥባ፥ አሥራ፥ የሒሳብ ጥናቷን ይዛ ትቀመጣለች። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረታችን ለእርስዋ የተነገረ ይመስላል። በጣት ጫፍ መቆም በአንድ ቀን አይሰጥም፤ ልጆቹ እግራቸው እስኪጠና ጠብቀው፥ በመጀመሪያም እንጨቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ነው የሚጀምሩት።

ከዚህ በኋላ የትርዒቱ ምሽት ይደርሳል። የበረዶው ዳንስ የሚፈጀው ሰባት ደቂቃ ያህል ነው። የወራት ልምምድ፥ የዓመታት ፕሊዬ፥ ያ ሁሉ የጨለማ ጧት ለሰባት ደቂቃ! ነጭ ልብስ ለብሰው፥ ከላይ ወረቀት እንደ በረዶ እየተበተነባቸው ይሮጣሉ፥ ይዞራሉ፥ ይሰለፋሉ።

አሁን የምነግራችሁን ነገር ባገኘሁ ጊዜ የእናቴ ጥያቄ መልስ አገኘ። በዚህ በበረዶው ዳንስ መካከል ከሙዚቃ መሣሪያዎቹ ጋር የሰው ድምፅ ይሰማል። ቻይኮቭስኪ ለዚህ ስፍራ የሴቶች ወይም የልጆች መዘምራን እንዲገቡ አድርጎ ነው የጻፈው። ቃል የላቸውም፤ «አ» እያሉ ብቻ ያዜማሉ። ብዙ ጊዜም የሚቆሙት ከመድረኩ በስተጀርባ ነው፤ ተመልካች አንዳቸውንም አያይም። እኔ በኋለኛው ረድፍ ቆምሁ ብዬ ስቈጣ፥ እነዚያ ዘማሪዎች ረድፍ እንኳ የላቸውም። ነገር ግን ድምፃቸው ሲነሣ ቴአትሩ ሁሉ በረዶ የዘነበበት ይመስላል።

ከኋላ የቆመ ሁሉ ከኋላ እንደማይቀር የትምህርት ቤቱ ስም ራሱ ይመሰክራል። አግሪፒና ቫጋኖቫ በ1897 ዓ.ም. ከዚሁ ትምህርት ቤት ተመርቃ ወደ ማሪይንስኪ ቴአትር ገባች፤ የባሌሪናነት ማዕርግ ያገኘችው ግን በ1915 ዓ.ም. ነው፤ በሚቀጥለው ዓመትም መድረኩን ተሰናበተች። ዐሥራ ስምንት ዓመት ጠብቃ አንድ ዓመት ብቻ! ነገር ግን በነዚያ ዓመታት አንዱ እንቅስቃሴ ለምን እንደሚሳካ፥ ሌላው ለምን እንደሚሰናከል አጥብቃ መርምራ ነበር። በ1921 ዓ.ም. በትምህርት ቤቱ ማስተማር ጀመረች፤ በ1934 ዓ.ም. የማስተማሪያ ዘዴዋን በመጽሐፍ አወጣች፤ ጋሊና ኡላኖቫን የመሰሉ ዳንሰኞችም ከእጇ ወጡ። በ1951 ዓ.ም. ዐረፈች፤ በ1957 ዓ.ም. ትምህርት ቤቱ በስሟ ተጠራ። ከእርስዋ ፊት ቆመው ከነበሩት የብዙዎቹ ስም ዛሬ ተረስቷል።

ለወላጆቻችን ደግሞ ስለ አና ፓቭሎቫ ልንገር። እናቷ ልብስ አጣቢ ነበረች። አናም በመጀመሪያ ዕድሜዋ አልደረሰም ተብላ ተመልሳ፥ በ1891 ዓ.ም. ወደ ትምህርት ቤቱ ገባች። ሰውነቷ ቀጭንና ደካማ ይመስል ነበር፤ በኋላ ግን ባሌትን ወደ ብዙ አገሮች ይዛ የዞረች ታላቅ ዳንሰኛ ሆነች። «ጊዜው አልፎብኛል» የምትሉ ጓደኞቼም ሩዶልፍ ኑሬየቭን አስቡ፤ ሌሎቹ በ10 ዓመታቸው ሲገቡ፥ እርሱ በ1955 ዓ.ም. ሲገባ 17 ዓመቱ ነበር፤ ሌሎቹ በስምንት ዓመት የሚማሩትን በሦስት ዓመት ጨርሶ በ1958 ዓ.ም. ተመረቀ። ጦርነትም ቢሆን ይህን ትምህርት አላቋረጠውም፤ በ1941 ዓ.ም. ከተማይቱ በጠላት ስትከበብ ትምህርት ቤቱ ወደ ፔርም አውራጃ ተዛውሮ ማስተማሩን ቀጠለ። በዚያ ከተዘራው ዘር በ1945 ዓ.ም. በፔርም ሌላ የባሌት ትምህርት ቤት በቀለ።

የነገሩን አንድ ወገን ብቻ ብናገር ግን አታላይ እሆናለሁ። በየዓመቱ ፈተና አለ፤ ያልተሳካለት ልጅ ይሰናበታል፤ ስንት ዓመት ለፍቶ ባዶ እጁን ይመለሳል። ቍርጭምጭሚት ይወልቃል፥ አጥንት ይሰነጠቃል። ቀጭን ለመሆን ሲሉ ምግብ የሚተዉ ልጆችም አሉ፤ ሐኪሞች ይህ አጥንትን እንደሚጐዳ ያስጠነቅቃሉ። ልፋት ሁሉ ይመሰገናል አልልም፤ ሰውነቱን የሚያጠፋ ልፋት ከስንፍና አይሻልም። ደግሞም ወላጆች ሁሉ ልጆቻቸውን ባሌት ያስተምሩ ብዬ አልመጣሁም። ነገር ግን ልጃችሁ ዳንስ፥ ዜማ ወይም ሥዕል ልማር ብትላችሁ «ይህ ጨዋታ ነው እንጂ ሥራ አይደለም» ከማለታችሁ በፊት፥ ጧት በጨለማ እንጨቷን ይዛ ስለምትቆመው ልጅ አስቡ።

ጓደኞቼ ሆይ፥ ከጥቂት ጊዜ በኋላ የመጨረሻውን ፈተና ተፈትነን ከዚህ ግቢ እንወጣለን። በየኮሪደሩ «ጨረስን! ተገላገልን!» እንባባላለን፤ እኔም ብያለሁ። አሁን ግን ይህን ቃል ስናገር ምላሴ ይያዛል። በዓለም የታወቀችው ዳንሰኛ በማግሥቱ ወደ ፕሊዬዋ ከተመለሰች፥ እኛ ከምን ነው የምንገላገለው? ነገ ሐኪም የሚሆነው፥ መምህር የሚሆነው፥ ነጋዴ የሚሆነው ሁሉ የየሙያው ፕሊዬ ይጠብቀዋል፤ ማንም የማያጨበጭብለት የዕለት ሥራ። ብዙዎቻችንም የምንቆመው በኋለኛው ረድፍ መሆኑ አይቀርም፤ በእኛ ምክንያት ረድፉ እንዳይበላሽ መጠንቀቅ የእኛ ፈንታ ነው።

እኔ በአራተኛው ቀን ወደ ልምምዱ ተመለስሁ። የመዝሙር መምህራችንን ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ጓደኞቼንም እንዲሁ፤ ምክንያቱም ሦስቱን ቀን እኔ በሌለሁበት ሁለተኛውን ድምፅ ሲፈልጉት እንደ ነበር ነገሩኝ። ቦታዬ አልተለወጠም፤ ያው ከጥግ ነው። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ እንዘምራለን። እናቴ ከመካከላችሁ ተቀምጣለች፤ ከተቀመጠችበት ሆና እኔን ማየት እንደማትችል አውቃለሁ፤ ድምፄን ግን ለይታ እንድትሰማ አልፈልግም። ለይታ ከሰማችው ተሳስቻለሁ ማለት ነውና።